ፋብሪካን በአንድ ውል ስለ ማሠራት

በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ነገር ስሙ ሲሰማ የመሐንዲስና የጠበቃ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ፍሬው ግን የሁላችንም ነው። አንድ ፋብሪካ ሲቆም በውስጡ የሚፈሰው ገንዘብ የገበሬው፣ የነጋዴው፣ የመምህሩና የጡረተኛው ነው። አንዱ አክሲዮን ገዝቶ፣ ሌላው እርሻውን በካሣ ለቆ፣ ሌላውም በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ለብድር ውሎ፣ ሁሉም በሥራው ውስጥ ድርሻ አለው። ስለዚህ የፋብሪካው ውል ሲበላሽ የሚጐዳው ፈራሚው ብቻ ሳይሆን፣ ስሙ በውሉ ላይ ያልተጻፈው ሰው ጭምር ነው።

ከዐባይ በረሃ ወጥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አልፎ እስከ ቡሬ የሚዘልቀው የጎጃም ደጋ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በኑግ የታወቀ አገር ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከኢጣሊያ በተገኘው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የጎጃም ሰው ፋብሪካ ምን እንደ ሆነ በዐይኑ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እንዲሁም በቡሬና በደብረ ማርቆስ ታላላቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል። ነገም ዱቄት፣ መኖ ወይም ሲሚንቶ ለመሥራት አክሲዮን ማኅበር የሚያቋቁሙ ሰዎች መነሣታቸው አይቀርም። የዛሬው ቃሌ በተለይ ለእነርሱ ነው።

ቀድሞ የተለመደው የሥራ አሰጣጥ እንደሚከተለው ነበር። ባለቤቱ መሐንዲስ ቀጥሮ ፕላን ያስነሣል፤ ፕላኑን ይዞ ጨረታ ያወጣል፤ ያሸነፈው ሥራ ተቋራጭ በፕላኑ መሠረት ይገነባል፤ መሣሪያውን ደግሞ ሌላ አቅራቢ ያመጣል። ፋብሪካው አልሠራ ያለ እንደ ሆነ ግን ፕላን አንሺው «ጥፋቱ የገንቢው ነው» ይላል፤ ገንቢው «የፕላኑ ነው» ይላል፤ አቅራቢውም «መሠረቱ ስላዘነበለ ነው» ይላል። ባለቤቱ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ዓመት ያልፋል።

ይህን ችግር ለማስወገድ ሲባል ሌላ ዐይነት ውል ተስፋፋ። በዚህኛው ውል ዲዛይኑንም፣ ግንባታውንም፣ የመሣሪያውን ግዢና ተከላም አንድ ተቋራጭ ጠቅልሎ ይይዛል፤ ሥራውን ፈጽሞ ሞክሮ ለባለቤቱ ያስረክባል። ባለቤቱ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ከመክፈት በቀር ሌላ ሥራ የለበትም ለማለት ቁልፍ የማስረከብ ውል የሚሉትም አለ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተጠያቂው አንድ ነው፤ ዲዛይኑ ሳያልቅ ግንባታው ሊጀመር ስለሚችልም ጊዜ ይቈጠባል። ጉዳቱ ግን እንደ ጥቅሙ በግልጽ አይታይም። ባለቤቱ «ሁሉን ለአንድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ አደጋውም ከእኔ ወጥቷል» ብሎ ይተኛል። እኔም ዛሬ ላስገነዝብ የምፈልገው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አደጋ በውል አይጠፋም፤ በውል የሚደረገው ለእያንዳንዱ አደጋ ባለቤት መስጠት ነው። ባለቤት ያልተሰጠው አደጋ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በአሠሪው ትከሻ ላይ ነው።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። መሬት ያለው ሰውና በሬ ያለው ሰው በእኩል ለማረስ ሲስማሙ፣ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ማዳበሪያውን ማን እንደሚገዛ፣ አረሙንና አጨዳውን ማን እንደሚችል አስቀድመው ይነጋገራሉ። በረዶ ቢመታው የሁለቱም ጉዳት መሆኑ ይታወቃል፤ አራሹ ሳያርም ቀርቶ ሰብሉ ቢጠፋ ግን ወቀሳው የማን እንደ ሆነ ሽማግሌ አይጠፋውም። ለአንድ ጥማድ መሬት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ ለብዙ መቶ ሚሊዮን ብር ፋብሪካ ሲፈርም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ አይገባውም።

አሁን ወደ ቅርብ ምሳሌ እንለፍ። ከደጋው ወደ ምዕራብ ወርደን የበለስን ተፋሰስ ብንመለከት በአንድ ውሃ ላይ የታቀዱ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች እናገኛለን። አንደኛው የጣና በለስ የውሃ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ነው። የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ፣ ዲዛይኑና ግንባታው በ1997 ዓ.ም. ሳሊኒ ለተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ በአንድነት ተሰጠ፤ በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለተኛው በዚያው ውሃ የሚለማ የስኳር አገዳ እርሻና በቀን 12,000 ቶን አገዳ እንዲፈጩ የታቀዱ ፋብሪካዎች ናቸው። የፋብሪካዎቹ ሥራ በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ ለሚባለው፣ ተሰጠ።

ፋብሪካው በተቈረጠለት ቀን አልደረሰም፤ ከዚያም በኋላ በዓመታት ዘገየ። አገዳው ግን ውል አያነብምና በራሱ ጊዜ ደረሰ፤ የሚፈጨው አጥቶም በማሳ ላይ አረጀ። በመጨረሻ ሥራው ከኮርፖሬሽኑ ተወስዶ ለቻይና ተቋራጭ ተላለፈና አንደኛው ፋብሪካ ለፍጻሜ በቃ። እነሆ አንድ ወንዝ ሁለት ታሪክ አሳየን።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ውሉ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ያን ዐይነት ፋብሪካ ቀድሞ ሠርቶ የማያውቅን ተቋራጭ ዐዋቂ አያደርገውም። መቀጫ ቢጻፍበት፣ ዋስትና ቢጠየቅበት፣ ልምድ የሌለው እጅ ልምድ እስኪያገኝ ጊዜው ይሄዳል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚመረመረው፣ ተቋራጩ ተመሳሳይ ፋብሪካ የት እንደ ሠራ፣ ያ ፋብሪካ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያመርት ነው፤ ከተቻለ ሄዶ ማየትና ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ትምህርት የድንበር ጉዳይ ነው። እርሻው በአንድ እጅ፣ ፋብሪካው በሌላ እጅ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የማንም ተቋራጭ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም የታየው ይኸው ነበር። የግንባታው ሥራ በሳሊኒ፣ የኤሌክትሮ መካኒካሉ ሥራ በሜቴክ እጅ ተከፍሎ ሲሠራ ቆይቶ፣ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ሜቴክ ከሥራው እንዲወጣ መደረጉ ተነገረ፤ የቀረውንም ሌሎች ኩባንያዎች ተረክበውት ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይቆማል፤ የቆመውም «ያስቆማችሁኝ እናንተ ናችሁ» ብሎ ሒሳብ ቢያቀርብ የሚያቀርበው ለባለቤቱ ነው።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስ አጠገብ የዱቄት ፋብሪካ ለማቆም የተነሣ አንድ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል፤ አደጋዎቹንም ተራ በተራ እንይለት።

አንደኛው አደጋ የሚወለደው ከባለቤቱ ከራሱ ብዕር ነው። በዚህ ዐይነቱ ውል ባለቤቱ ፕላን አያቀርብም፤ የሚያቀርበው የሚፈልገውን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። «ዘመናዊ የዱቄት ፋብሪካ» ብሎ ብቻ የጻፈ ማኅበር ምንም አልጻፈም። በቀን ስንት ኩንታል ስንዴ እንደሚፈጭ፣ ስንዴው የየት አገር ስንዴ እንደ ሆነ፣ ከመቶው ስንቱ ዱቄት ስንቱ ፉርሽካ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ለአንድ ኩንታል ምን ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጅ፣ ይህ ሁሉ በቍጥር ሊጻፍ ይገባል። ተቋራጩ የሚጠየቀው በተጻፈው ነውና።

ከዚህም ጋራ የቦታው ጠባይ አይረሳ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዓለም ገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ትራንስፎርመሮች ደግሞ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠሩ ተደርገው የተለኩ ናቸው። ከዚያ በላይ ሲወጡ ስስ የሆነው አየር በሚገባ አያቀዘቅዛቸውም፤ የናፍጣ ጄኔሬተርም አየር ስለሚያንሰው በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አይሰጥም። ከፍታውን በጽሑፉ ላይ ያላሰፈረ ባለቤት መሣሪያው ደክሞ ሲያገኘው «አልነገራችሁኝም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። በአንድ መሥመር ሊጻፍ ይችል የነበረ ነገር የአንድ ሞተር ዋጋ ያስወጣል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ይሻላል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከምድር በታች ያለው ነው። በምሥራቅ ጎጃም በብዙ ቦታ፣ በተለይም በደጀንና በብቸና በኩል፣ ዋልካ አፈር ይገኛል። ገበሬው ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመው ወለልም አብሮት ይነሣል፤ አብሮት ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት መሣሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሲያዘነብል ተሸካሚው ኩሽኔታ ይበላል። ወደ ዐባይ በረሃ አፋፍ የሚቀርበው ቦታ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ከዚያም በታች የአሸዋ ድንጋይ ተደራርቦ ይታያል። በአንድ ጉድጓድ የታየው ሃምሳ ሜትር ርቆ ላይገኝ ይችላል።

የምድሩ ጠባይ ክፉ ሆኖ ቢገኝ ወጪው የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ በዓለም ሁለት ዐይነት መልስ አለ። ፊዲክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ካወጣቸው የውል መጻሕፍት መካከል ሁለቱ ለእንዲህ ዐይነቱ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው፤ በ2017ም ታድሰዋል። በቢጫው መጽሐፍ፣ ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል የምድር ጠባይ ቢያጋጥም ተቋራጩ ጊዜና ወጪ ይጠይቃል። በብርማው መጽሐፍ ግን ያ ሁሉ አደጋ በተቋራጩ ላይ ነው። ሁለተኛው ለባለቤቱ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን ተቋራጩ ያልታየውን አደጋ በነጻ አይሸከምም፤ ወይ በዋጋው ላይ ይጨምረዋል፣ ወይ ሳይጨምር ገብቶ ችግሩ ሲደርስ ሥራውን ያጓትታል። መጽሐፉን ያዘጋጁትም ራሳቸው፣ ተጫራቾች ቦታውንና የባለቤቱን ጽሑፍ ለመመርመር በቂ ጊዜ ካላገኙ፣ ወይም ሥራው ሊመረመር የማይችል ብዙ የከርሰ ምድር ቁፋሮ ካለበት፣ ይህ መጽሐፍ እንዳይሠራበት ያስጠነቅቃሉ።

የግልገል ግቤ ሁለተኛ የኃይል ማመንጫ የዚህ ምስክር ነው። እርሱም ዲዛይኑና ግንባታው በአንድ ውል የተሰጠ ነበር። 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ዋሻው ውስጥ መቆፈሪያው መሣሪያ በጭቃ ግፊት ተይዞ ሥራው ክፉኛ ዘገየ፤ በጥር ወር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀም በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደርምሶ ማመንጫው ለወራት ቆመ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለቤቱ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ተቋራጩ የፈረሰውን ቢጠግን እንኳ፣ ፋብሪካው በቆመበት ጊዜ የታጣውን ትርፍ አብዛኛው የተለመደ ውል አያስከፍለውም፤ የኃላፊነቱንም ልክ በውሉ ዋጋ ይወስነዋል። ስለዚህ አደጋውን በወረቀት ለሌላ ከመስጠት ይልቅ አስቀድሞ ማወቅ ይረክሳል። የዱቄት ፋብሪካው ማኅበር ከጨረታው በፊት በራሱ ወጪ በርከት ያሉ ጉድጓዶች ያስቆፍር፤ አፈሩን በላቦራቶሪ ያስመርምር፤ ከተቻለም ቦታውን በበጋም በክረምትም ያሳይ፤ ውጤቱን ለተጫራቾች ሁሉ እኩል ይስጥ።

በዚህ ረገድ ሕጋችን ባለቤቱን አልተወውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3039ኛው ቍጥር፣ ሕንጻ የሠራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጥንካሬው ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ጉዳቱ ሥራው ከቆመበት መሬት ጠባይ የመጣ ቢሆንም እንኳ ይጠየቃል። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢጻፍም ዋጋ የለውም። ብዙ ሰዎች ይህን ሳያውቁ የአንድ ዓመቱ የጥገና ጊዜ ሲያልቅ መብታቸው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው አደጋ የገንዘብ ነው። ተቋራጩ ሥራ ሳይጀምር የቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ነውር አይደለም፤ መሣሪያ የሚሠራው ፋብሪካ ያለ ቀብድ አይነሣምና። ሆኖም ከእጅ የወጣ ገንዘብ በእግር አይመለስም። ስለዚህ ለቅድሚያው ክፍያ ልኩን የሚሸፍን የባንክ ዋስትና ይያዛል፤ ለሥራው አፈጻጸምም ሌላ ዋስትና፣ በተለምዶ ከዋጋው 10 ከመቶ የሚደርስ፣ ይጠየቃል። የዋስትናው ደብዳቤ በመጀመሪያ ጥያቄ የሚከፈል ይሁን ወይስ ጥፋቱ በፍርድ ሲረጋገጥ፣ አስቀድሞ ይነበብ፤ በሁለቱ መካከል የዓመታት ልዩነት አለ። ከሁሉ በላይ የሚያበቃበት ቀን ይታይ። ቀኑ ያለፈበት ዋስትና በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ተራ ወረቀት ነው፤ ሥራው በተራዘመ ቍጥር ዋስትናውም እንዲራዘም የሚከታተል አንድ ሰው በስሙ ይመደብ። የመካከሉ ክፍያም በወር ብዛት አይሁን፤ መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ መሣሪያው ተመርምሮ ሲጫን ይህን ያህል፣ ተተክሎ ሲሞከር ይህን ያህል እየተባለ ከሚታይ ሥራ ጋራ ይታሰር። ሙከራው እስኪያልፍም ከእጅ የማይወጣ በቂ ገንዘብ ይቅር።

የውጭ ምንዛሪው ነገር ለብቻው ቃል ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው 10 ሚሊዮን ዶላር የሆነ መሣሪያ በፊት በ570 ሚሊዮን ብር ገደማ ይገዛ የነበረው፣ ከዚያ በኋላ 1 ቢሊዮን ብር አልበቃውም። ይህን ጭማሪ የሚችለው ማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1794ኛው ቍጥር ለሥራው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ዋጋ መናር ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል እንዳልሆነ ይናገራል። ተቋራጩ በሕጉ መሠረት ተገዶ መሥራት አለበት ብሎ የሚተማመን ባለቤት ግን የከሰረ ተቋራጭ ፋብሪካ እንደማይጨርስ ያስብ። የሚሻለው ዋጋውን በሁለት መክፈል ነው፤ ከውጭ የሚመጣው በውጭ ገንዘብ፣ የአገር ውስጡ ሥራ በብር ይጻፍ፤ ብሩ ሲወድቅ ወይም ሲሚንቶና ብረት ሲወደድ እስከ ምን ያህል በማን፣ ከዚያ በላይ በማን እንደሚሸፈን በቀመር ይወሰን። ማኅበሩም ከባንኩ ጋራ ስለ ምንዛሪው የሚስማማው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይሁን።

አራተኛው አደጋ የጊዜና የመንገድ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣ ከባድ መሣሪያ አዲስ አበባን አልፎ በጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን መውጣት አለበት። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ መከፈቱ ታላቅ ረድኤት ነው፤ የገደሉ ቍልቍለትና ዳገት ግን ያው ነው። የመሣሪያው ትልቁ ዕቃ ክብደቱና ርዝመቱ በዚህ መንገድ ያልፍ እንደ ሆነ መርምሮ ማረጋገጥ የተቋራጩ ግዴታ መሆኑ ይጻፍ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምትም ለጎጃም ድንገተኛ አይደለምና፣ «ዝናብ ያዘኝ» ተብሎ ጊዜ እንዳይጠየቅበት ከመጀመሪያው በሥራው ሰሌዳ ውስጥ ይግባ።

በአንጻሩ ደግሞ ባለቤቱ ሊያቀርብ ቃል የገባው ነገር አለ፤ ቦታውን ከይገባኛል ነጻ አድርጎ ማስረከብ፣ የኤሌክትሪክ መሥመርና ውሃ እስከ አጥሩ ማድረስ፣ ፈቃድ ማውጣት። እነዚህን በሌላ መሥሪያ ቤት ላይ ተማምኖ በቀን ቈርጦ የፈረመ ባለቤት፣ መብራቱ ሲዘገይ ተቋራጩ ሠራተኞቹን አስቀምጦ የቀን ሒሳብ ሲያቀርብለት ያየዋል። ስለዚህ በእጃችሁ የሌለውን ነገር በቀን አትማሉ፤ መብራት ኃይል የሰጣችሁን የጽሑፍ መልስ ይዛችሁ ፈርሙ።

አምስተኛው አደጋ ሰላም የማጣት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሥራ ተቋርጦ የተጐዳው ብዙ ነው። የእርስ በርስ ጦርነት በሕጋችን ከዐቅም በላይ ከሆኑት ነገሮች መካከል ሊቈጠር ይችላል፤ ነገር ግን 1792ኛው ቍጥር እንደሚያስረዳው መሠረቱ አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለ መሆኑ ነው። ከግጭቱ በፊት የፈረመ ተቋራጭ ይህን ክርክር ሊያነሣ ይችላል፤ ግጭት መኖሩን እያወቀ የሚፈርም ግን «አላሰብሁትም» ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚጻፍ ውል «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል» በሚለው አጠቃላይ ቃል ላይ አይተማመን። መንገዱ ስንት ቀን ሲዘጋ ጊዜ እንደሚጨመር፣ በቦታው ያለውን ዕቃ ማን እንደሚጠብቅና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚገባ፣ ሥራው ስንት ወር ሲቋረጥ እያንዳንዱ ወገን ውሉን ትቶ መሄድ እንደሚችል፣ የተሠራው እንዴት እንደሚለካ በግልጽ ይጻፍ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የርክክቡ ቀን ነው። በምርቃት ዕለት ሪባን ይቈረጣል፤ ፋብሪካው ግን በሪባን አይለካም። ተቋራጩ በመረጠው ንጹሕ ስንዴ ለአንድ ሰዓት የሮጠ ወፍጮ ሙከራውን አለፈ አይባልም። ሙከራው ማኅበሩ ከአካባቢው ገበሬ በሚገዛው ስንዴ፣ ማኅበሩ በቀጠራቸው ሠራተኞች እጅ፣ በውሉ ለተጻፉት ቀናት ሳያቋርጥ ይሁን። ቢዘገይ በቀን ይህን ያህል፣ ምርቱ ከተባለው ቢያንስ ለየመቶኛው ይህን ያህል ተብሎ መቀጫው አስቀድሞ ይቈረጥ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በ1889ኛው ቍጥር ተዋዋዮች የጉዳት ካሣን ልክ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ከተወሰነ ልክ በታች ቢወርድ ግን ባለቤቱ አልረከብም የማለት መብቱን ይያዝ።

እነዚህን ሁሉ የሚከታተል ዐይን ደግሞ ያስፈልጋል። ሥራው በአንድ ተቋራጭ ተጠቀለለ ማለት ባለቤቱ መሐንዲስ አያሻውም ማለት አይደለም፤ ይልቁንም ከተቋራጩ ጋራ የጥቅም ግንኙነት የሌለው የራሱ መሐንዲስ ከሁሉ ቀድሞ ሊቀጠር ይገባዋል። ያ መሐንዲስ ዲዛይኑን ይመረምራል፤ ጕድለቱን በጽሑፍ ያመለክታል፤ የራሱን ዲዛይን ግን በተቋራጩ ላይ አይጭንም። ባለቤቱ በየሳምንቱ «ይህን ወዲህ፣ ያን ወዲያ አድርጉልኝ» ያለ እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱ ለውጥ በሒሳብ ተመልሶ ይመጣበታል፤ ፋብሪካው ሳይሠራ ቢቀርም ተቋራጩ «እንዳዘዛችሁኝ ሠራሁ» ለማለት በር ያገኛል።

ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚፈታበት መንገድ በፍቅር ቀን ይበጅ። በፊዲክ ውሎች ተቋራጩ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅበት ነገር ሲደርስ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ይህ ደንብ በደብዳቤ እንጂ በቃል የሚፈጸም አይደለም። በቡና ላይ የተባለው ሁሉ በማግሥቱ በደብዳቤ ይጽና። ገና ሥራው ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑአቸው ዐዋቂዎች ተመርጠው በየጊዜው ሥራውን እያዩ ቢፈርዱ፣ ነገሩ ሳይከር ይበርዳል። ይህ የጎጃም ሰው በሽማግሌ ሲያደርገው የኖረው ነው። ካልሆነም በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት ዐዋጅ ቍጥር 1237 አለ።

በመጨረሻ አንድ ቃል ልጨምር። በአገራችን ውል ሲበዛ አለመተማመን መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ «እኔና እርሱ እንተዋወቃለን» ብለው ገጹን ሳይገልጡ ይፈርማሉ። ነገር ግን የዛሬው ሥራ አስኪያጅ ነገ ይለወጣል፤ የተቋራጩም ወኪል ወደ አገሩ ይመለሳል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። በጥንቃቄ የተጻፈ ውል ወዳጅነትን የሚጠብቅ አጥር ነው። ለአንድ ወር ውሉን ማንበብ የሰለቸው ማኅበር፣ ለአምስት ዓመት በፍርድ ቤት ደጅ ሲጠና ሊገኝ ይችላል፤ አክሲዮኑን የገዛው መምህርና እርሻውን የለቀቀው ገበሬም ያን አምስት ዓመት አብረውት ይጠናሉ።

እንግዲህ ፋብሪካ ለማቆም ያሰባችሁ ሁሉ፤ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ውሉን ዘርግታችሁ በእያንዳንዱ አደጋ ላይ «ይህ ቢደርስ የሚከፍለው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በውሉ ውስጥ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ልታሳዩ ካልቻላችሁ፣ ከፋዩ እናንተ ናችሁ ማለት ነውና፣ ሳይፈረም ይቈይ።